ማርሽ የምትተፋው መኪና

ቱራት መካኒክ ያላየውን በሽታ አያክምም። ይህን የማያውቅ ሹፌር በከተማችን በኮችኮር ውስጥ የለም፤ ካለም አንድ ቀን ጋራዡ ድረስ መጥቶ ያውቃል። «ትናንት እንዲህ አደረገችኝ» ቢሉት ጆሮ አይሰጥም። «ትናንት እኔ አልነበርኩም፤ ዛሬ ፊቴ ታድርገው» ይልና በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ መኪናዋ እስክታደርገው ይጠብቃል። ሌሎቹ መካኒኮች ዘንድ ሹፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ወርዶ መሬት ላይ ይገኛል። ቱራት ግን በሽታው ራሱ እጁን ካልሰጠ በስተቀር አንዲት ብሎን አይፈታም።

እኔ የሥጋ ሳምቡሳ የምጋግርበት ምድጃ ከጋራዡ አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይህን ሰውዬ ሚስቱ ካየችው የበለጠ አይቼዋለሁ። ሚስቱም ይህን ታውቃለች፤ ደስ አይላትም። አጭር ነው፤ አንገቱ ወፍራም ነው፤ አንድ የእንጨት ዘንግ አለው። የዘንጉን አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። አንዴ እንዲያ ሲያዳምጥ እንቅልፍ ወሰደውና ማንኮራፋት ጀመረ። ባለመኪናው ፊቱ አመድ መስሎ ወደ እኔ ዞረና፣ «እትዬ ዙራ፣ ይሄ ድምፅ ከሞተሬ ነው?» አለኝ። ሳቄን ለመዋጥ ምድጃው ውስጥ ልገባ ምንም አልቀረኝ።

ይህን ግትር ሰው ከበርጩማው ያስነሳችው የካልማት መኪና ናት። ካልማት ከኮችኮር ናሪን ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ የዶሎንን ተራራ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል። መኪናዋ የጀርመን ሥሪት፣ በስንት እጅ እንዳለፈች ፈጣሪ ብቻ የሚያውቃት አሮጊት ናት። ቢሆንም ተሳፋሪ ሞልታ ዳገቱን ስትወጣ አንድ ቀን አስቸግራው አታውቅም። የምታስቸግረው እናቱ ካንዛዳ፣ በአክብሮት አፓ የምንላቸው፣ ከፊት ሲቀመጡ ብቻ ነው። ያኔ ዳገቱ መሀል፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እያለች፣ ድንገት «ጧ!» ትልና ማርሹን ትተፋዋለች። ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች፤ ካንዛዳ አፓም ልጃቸውን መሳደብ ይጀምራሉ።

ካንዛዳ አፓ ዶሎንን መሻገር የፈለጉት ለሽርሽር አልነበረም። ታላቅ እህታቸው ሳይራ ከተራራው ማዶ፣ ናሪን ነው ያገቡት። ሁለቱ ካልተያዩ ስንት ዓመት እንደሆነ ብትጠይቋቸው የተለያየ ቁጥር ነው የሚነግሯችሁ። ሳይራ አፓ ድሮ፣ «እንዳልመጣ የልጄ መኪና ዶሎን ላይ ማርሽ ትተፋለች» ብለው ላኩ። ካንዛዳ አፓ አላመኑም። «ለሰው ሁሉ ድንጋይ ከሰል የምታመላልስ መኪና ወደ እኔ ሲሆን ብቻ ትታመማለች? ውሸታም!» አሉ። ኋላ ካልማት መኪና ሲገዛ በኩራት ከፊት ተቀምጠው ጉዞ ጀመሩ፤ ዳገቱ መሀል ማርሹ ተተፋ፤ ተመለሱ። ወሬው ተራራውን ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ሳይራ አፓ፣ «አሃ! የእኔ ልጅ መኪና ስትታመም ውሸት፣ የአንቺ ልጅ መኪና ስትታመም እውነት ሆነ?» ብለው መልስ ላኩ።

ከዚያ በኋላ ስልክ እንኳ መደዋወል አቆሙ። የሚሰዳደቡት በካልማት ተሳፋሪዎች በኩል ነበር። ሰው ለገበያ ናሪን ሲሄድ የካንዛዳ አፓን ስድብ ይዞ ይሄዳል፤ የሳይራ አፓን ስድብ ይዞ ይመለሳል፤ አንዳንዱ መንገድ ላይ የረሳውን ከራሱ ይሞላበታል። በዚህ መኸር ግን የመጣው መልእክት ስድብ አልነበረም። «ዓይኔ እየጠፋ ነው። ፊትሽን ለይቼ እንዳየው ከፈለግሽ አሁን ነይ» የሚል ነበር።

«ሌላ መኪና ይሳፈሩ» እንዳትሉኝ፤ እኔም ብያቸው ነበር። «ልጄ መኪና እያለው በሰው መኪና እህቴ ደጅ ልውረድ? ከዚያማ የሷ ውሸት እውነት ሆነ፣ የኔ እውነት ውሸት ሆነ ማለት ነው!» ብለው ጮኹብኝ። ግትርነት የቱራት ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ካልማት መኪናዋን ወደ ቱራት አመጣት። ከማምጣቱ በፊት ሚስቱ ቡሩል እንደ ወጉ አዘጋጀቻት። ቡሩል ንጽሕና ላይ ቀልድ አታውቅም። የወንበሩን ልብስ፣ ትራሱን፣ አማቷ እግራቸው ሥር የሚያነጥፉትን ምንጣፍ፣ ጨርቅ የተባለውን ሁሉ አውጥታ መኪናዋን በባዶዋ ትልካታለች። የቱራት ግቢ ዘይት ጨርቅ ላይ ካረፈ የልጅ ልጅ ይወርሰዋል። ባል ያላት ሴት ሁሉ መኪና ጋራዥ ስትሄድ እንዲያ ነው የምታደርገው፤ እኔም እንዲያ ነው የማደርገው።

ቱራት እናትየውንም አስመጥቶ ከፊት፣ ጋዜጣ ላይ አስቀመጣቸው። ከጋራዡ ጀርባ ባለው ዳገት ወጣ፣ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። መኪናዋ እንደ ጨዋ ልጅ ታዘዘችው። ካንዛዳ አፓ ሰለቻቸውና ወርደው ሄዱ።

«ዳገቱ አጭር ሆኖ ነው» አለ ቱራት። «ዶሎን ራሱ ላይ መሞከር አለብኝ። ግን እናትህን በየጊዜው ተራራ ላይ አላመላልስም። ስንት ኪሎ ይሆናሉ?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ ካልማት።

«ልጃቸው አይደለህ? ጠይቃቸዋ።»

«ልጃቸው ስለሆንኩ ነው የማልጠይቃቸው!»

በግምት ሠሩ። ሁለት ጆንያ ድንች አምጥተው የፊት ወንበሩ ላይ ጫኑና ቀበቶ አሰሩለት። ካንዛዳ አፓ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት ከእኔ ሳምቡሳ ሊገዙ መጡ። መኪናዋን አዩ፤ ቆሙ።

«ይሄ መቀመጫዬ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ድንች ነው፣ እናቴ» አለ ካልማት መሬት መሬት እያየ።

«ድንቹ ምን ይሠራል እዚያ?»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «እርስዎን ሆኖ ነው፣ አፓ» አልኩ።

ጆንያዎቹን አንድ ባንድ አዩአቸው። «ሁለቱም እኔ ነኝ?»

«አንዱን እናውርደው?» አለ ቱራት በትሕትና።

ያን ቀን ሳምቡሳ ሳይገዙ ሄዱ። ድንቹ ግን ዶሎንን ያለ አንዳች ችግር ወጥቶ ወረደ። ቱራት ሲመለስ አጥሩ ላይ ተደግፎ ብዙ አሰበ። «ድንች ዝም ብሎ ይቀመጣል» አለኝ። «እሳቸው ግን ይቀመጣሉ እንዴ? ይወራጫሉ፣ በእግራቸው ይገፋሉ፣ ይዞራሉ። ነፍስ ያለው ነገር ነው የሚያስፈልገኝ።»

በማግስቱ የካልማትን በግ ከፊት አስቀምጠው ሄዱ። ዶሎን ሥር ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። በጉን አየ፤ ካልማትን አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«እናቴን ተክቶ ነው» አለ ካልማት።

ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ የበጉ ቀበቶ መታሰሩን አረጋገጠና፣ «መልካም መንገድ» ብሎ አሳለፋቸው። በጉ ጫፍ ላይ ወረደ፤ ሣር ጋጠ፤ ተመልሶ ገባ። እንዲያውም ሲመለሱ ከወንበሩ አልወርድም ብሎ በግድ ነው ያወረዱት። ማርሹ ፈጽሞ አልተነቃነቀም።

የኮችኮር አፍ ደግሞ ክፉ ነው። «በግ አድርሳ ካንዛዳን የማታደርስ መኪና» እያለ ከተማው ሙሉ ሳቀ። ጎረቤታቸው ክፉ መንፈስ ይውጣላት ብላ የጥድ ቅጠል አጭሳ መኪናዋን ዞረቻት። አንዱ ደግሞ፣ ብረት የሰውን ልብ ያውቃል፣ እህትን መበደል እንዲህ ያስከፍላል ብሎ ገበያ መሀል ሰበከ። እኔም ስቄያለሁ፤ ምን እዋሻለሁ።

ሳቁ የጠፋብኝ ካንዛዳ አፓ መጥተው ምድጃዬ አጠገብ ሲቀመጡ ነው። የሰጠኋቸውን ሳምቡሳ ሳይነኩት ቀዘቀዘ።

«ዙራ» አሉኝ፣ «በግ ያለፈበት መንገድ ለእኔ እምቢ የሚለው ምን ብሠራ ነው?»

«አፓ፣ ብረት እኮ ነው። ብረት ምን ያውቃል?»

«እህቴ ዓይኗ ሊጠፋ ነው። እኔ ደግሞ ከበግ አነስኩ።» ሻርፓቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ሊጡን ጥዬ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ በቀጥታ ወደ ቱራት ሄድኩ። በርጩማው ላይ ነበር።

«አንተ እዚህ ተጎልተህ በሽታ ትጠብቃለህ፤ እዚያ ማዶ የሰው ዓይን እየጠፋ ነው! ተነሥና አብረሃቸው ሂድ!»

«ጋራዡን ለማን ጥዬ?»

«ጋራዡ ማርሽ አይተፋም! ተነሥ!»

ኮፍያውን ከጉልበቱ አንሥቶ ጭንቅላቱ ላይ አደረገ። ቱራት ኮፍያውን ካደረገ ነገሩ አብቅቷል ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ተነሣን። ባዶ ወንበር ይዞ ዶሎንን መውጣት ለካልማት ነውር ስለሆነ አራተኛ ተሳፋሪ እኔ ሆንኩ። ካንዛዳ አፓ ከፊት፤ ከኋላ ቡሩል፣ እኔና ቱራት። ቱራት የሥራ ቱታውንና ያንን ዘይት የጠጣ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ዘንጉን ይዞ ብቅ ሲል ቡሩል ጮኸች። ወዲያው የመኪናዋን ጨርቅ ሁሉ ገፈፈች። የአማቷን ምንጣፍ በአንሶላ ጠቅልላ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ከተተች፤ ከቱራትም እግር ሥር ከአማቷም እግር ሥር ጋዜጣ አነጠፈች። ካንዛዳ አፓ አጉረመረሙ፤ ግን ለመሄድ ቸኩለው ስለነበር ገብተው ተቀመጡ።

ዳገቱ ጀመረ። ቱራት ዘንጉን ወለሉ ላይ ተክሎ ጆሮውን ደገፈበት። ካንዛዳ አፓ ማርሹ የሚተፋባቸውን ቦታዎች በሙሉ በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ በእያንዳንዱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እናልፋለን፤ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። ድልድዩን አለፍን። ጠመዝማዛውን አለፍን። የበረዶ መከላከያው ግንብ ጋ ሦስታችንም ከኋላ ትንፋሻችንን ያዝን፤ እሱንም አለፍን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ካንዛዳ አፓ ልጃቸውን ትከሻው ላይ መቱትና እንደ ሕፃን ሳቁ።

ቱራት ብቻ አኩርፏል። «አላደረገችውም» አለ።

«እሰይ!» አልኩት። «ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«በሽታውን ነዋ!»

ካንዛዳ አፓ ይህን አልሰሙም። «ካልማት፣ አቁም። ምንጣፌን አምጣ» አሉ።

«እናቴ፣ ናሪን ስንደርስ...»

«ጋዜጣ ረግጬ እህቴ ደጅ ልድረስ? አምጣ አልኩህ!»

«የቱራት ጫማስ?» አለች ቡሩል።

«ቱራት እግሩን ያንሣ።»

ቱራት እግሩን አነሣና ጉልበቶቹን አቅፎ ተቀመጠ። ምንጣፉ መጣ። ሽርዳክ ነው፤ ከበግ ፀጉር ተዳምጦ የተሠራ፣ ውፍረቱ የሁለት ብርድ ልብስ ያህል። ይህ ምንጣፍ ብቻውን አይወለድም። ቀይና ሰማያዊው ተደራርበው አንድ ላይ ይቆረጡና፣ ከቀዩ የወጣው ሰማያዊው ውስጥ፣ ከሰማያዊው የወጣው ቀዩ ውስጥ ይሰፋል፤ ሁልጊዜ ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው። የእነ ካንዛዳ እናት ሁለት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱን ለሳይራ፣ አንዱን ለካንዛዳ ሲያገቡ ሰጧቸው። የካንዛዳ አፓ ቀይ ላይ ሰማያዊ የበግ ቀንድ ጥለት ነው። በሄዱበት ሁሉ ከእግራቸው ሥር አይለይም። አጥፈው አነጠፉት፤ ሁለት እግራቸውን አደላድለው ተከሉበት፤ ቁልቁለቱን ጀመርን።

ካልማት ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ትንሽ ወረድን። «ጧ!»

ሞተሩ ፀጥ እንደማለት አለ፤ መኪናዋ ግን ተለቀቀች። ቡሩል በአንገቴ ተጠመጠመች። ካልማት ፍሬን ላይ ቆመ፤ ከገደሉ ጠርዝ ፈቀቅ ብለን በፈጣሪ ቸርነት ቆምን። ቱራት ግን ከኋላ ወንበር በደስታ ጮኸ።

«አየኋት! በዓይኔ አየኋት! ካልማት፣ ደግመህ አድርገው!»

«ይሄ ሰው ሊጨርሰን ነው!» አሉ ካንዛዳ አፓ። ቢሆንም ደገመው፤ ደግማ ተፋችው። ቱራት የእንጨት ዘንጉን ጣለ።

«ወደ ላይ ስንመጣ አላደረገችም። አሁን አደረገች። ምን ተለወጠ?»

«ምንም» አለ ካልማት።

«ጋዜጣው ወጣ፣ ምንጣፉ ገባ» አለች ቡሩል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ከዚያ በእጇ አፏን ያዘች።

ቱራት በሁለቱ ወንበሮች መሀል ተጎንብሶ ጣቱን ከማርሹ ዘንግ ሥር ሰደደ። የምንጣፉ እጥፋት ከዘንጉ በስተኋላ ተወትፏል። ካልማት ሁለተኛ ሲያስገባ ዘንጉ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ምንጣፉ ጋ ይቆማል። የገባ ይመስላል እንጂ በጥፍሩ ነው የተንጠለጠለው። ካንዛዳ አፓ ደግሞ መንገዱ ሲያስፈራቸው በእግራቸው ምንጣፉን ወደዚያው ይገፉታል። ቱራት እጥፋቱን መንጭቆ አወጣና የማርሹን ዘንግ ሳበው፤ እስከ ዛሬ ደርሶበት የማያውቀው ቦታ ድረስ ገባ።

«ካምቢዮው ጤነኛ ነው» አለ። «እናንተ ወደ እኔ ስትመጡ በሽታውን ቤት አስቀምጣችሁት ነው የምትመጡት።»

ካንዛዳ አፓ ምንጣፉን በእጃቸው ዳሰሱት። «የእናቴ ምንጣፍ?» አሉ። ከዚያ ወረዱና ምንጣፉን ወንበሩ ላይ አጥፈው ተቀመጡበት። ጭንቅላታቸው የመኪናዋን ጣሪያ ነካ። አንገታቸውን ሰብረው፣ እስከ ናሪን ተጓዙ።

ሳይራ አፓ ደጃፍ ላይ ወጥተው፣ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነበር። «ከፊት ያለው ማነው? ጣሪያ የነካው?» አሉ። ካንዛዳ አፓ ወረዱ። ሁለቱም ቆሙ፤ የመጀመሪያዋን ቃል ማን እንደሚያወጣ እየተጠባበቁ።

ቱራት ግን ሰው አላየም። ግቢው መሀል የሳይራ አፓ ልጅ መኪና በግንድ ላይ ተሰቅላለች፤ ካምቢዮዋ ወርዶ ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት መካኒኮች በላዩ ይጨቃጨቃሉ።

«ምን ሆና ነው?» አላቸው።

«ዶሎን ላይ ማርሽ ትተፋለች» አለ አንዱ። «ካምቢዮ ስናወርድላት ሁለተኛችን ነው። እዚህ ስንነዳት ደግሞ ምንም የለባትም!»

ቱራት የፊቱን በር ከፍቶ ወለሉን አየ። ባዶ ነው። ቀና ብሎ ግቢውን ቃኘ። አጥሩ ላይ አንድ ሽርዳክ ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ ላይ ቀይ ቀንድ።

«አፓ፣ ያ ምንጣፍ የት ነበር?»

«የትም አልነበረ፤ እግሬ ሥር ነው» አሉ ሳይራ አፓ። «እነዚህ ዘይታሞች እንዳይነኩት ከመኪናው አወጣሁት። ምነው?»

ቡሩል መሬት ላይ ቁጭ አለች። ካልማት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይሳቅ ያልቅስ አላወቅሁም። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

«ካምቢዮውን መልሱት» አለ ቱራት። «ምንም አልሆነም።»

«አንተ በምን አወቅህ?» አለ መካኒኩ ተቆጥቶ። «መኪናዋን ነድተሃት አታውቅ! ማርሽ ስትተፋ አላየህ!»

ቱራት ኮፍያውን አወለቀ። «አላየሁም» አለ። «እህቷን ግን አይቻለሁ።»

ካንዛዳ አፓ ወደ መኪናው ተመልሰው ምንጣፋቸውን አወጡ፤ ወስደው አጥሩ ላይ ከእህታቸው ምንጣፍ ጎን ሰቀሉት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ የአንዱ ቀንድ ቀለም የሌላው መደብ ሆነ። እጃቸውን ከምንጣፉ ላይ ሳያነሡ፣ ጀርባቸውን እንደሰጡን ተናገሩ።

«እትዬ፣ አልዋሸሽኝም ነበር። መኪናሽ... እውነትሽን ነው። ያን ሁሉ ዘመን ውሸታም ያልኩሽ...»

ሳይራ አፓ እየዳበሱ መጡ። የእህታቸውን ትከሻ ይዘው አዞሯቸው፤ ፊታቸውን አፍንጫ ለአፍንጫ እስኪሆን ድረስ አስጠጉ።

«ዝም በይ» አሏቸው። «ዝም በይና ልይሽ።»